ስድስቱን መኪኖች የጠራው ሰው

ጋሽ ዳንጊሶ ማረፉን የሰማሁት አንተ መኪና ልትገዛ በወጣህበት ቀን ነው። ስልኩን ያነሳሁት ራሴ ነኝ። የደወለችው የወንድሙ ልጅ ናት፤ "እማማ አማረች፣ አጎቴ ዛሬ ጠዋት አረፈ፣ ነገ ቱላ ነው የሚቀበረው" አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ዘጠና የተጠጋ ሰው ነው፣ ጠግቦ ነው የሄደው፣ ግን ቁጭ አልኩ።

አንተ ደግሞ ከሰዓት ተናድደህ መጣህ። መኪናውን ተውኩት አልከኝ። ሰው ሲጋጭ የሚነፋው ፊኛ፣ ኤርባግ ያልከኝ፣ እሱ የተበላሸ ሆኖ ተገኘ። ሠሪው ኩባንያ የዚያን ዓይነት መኪና የያዘ ሁሉ ያምጣልኝ፣ በነፃ ልቀይርለት ብሎ ጠርቶ ነበር፤ ሻጩ ግን ሳያስቀይር ቀለም አሳምሮ ሊሰጥህ ነበር። በስልክህ የመኪናውን ቁጥር አስገብተህ ደረስክበት። ጎበዝ። ከዚያ ምን አልክ? "በእናንተ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነገር መች ነበረ፣ ማን ይጠራ ነበር" አልክ። እዚህ ላይ ተሳሳትክ። አንድ ሰው ነበረ። በብስክሌት ነበር የሚጠራው። በል ወረቀት አምጣና ጻፍ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ያን ሰው ግን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው። አያትህ ሞቶብኝ፣ እናትህን አዝዬ፣ ከከምባታ አዋሳ ገባሁ። ዘመድ የለኝም፣ አማርኛዬም ስብርብር ያለ ነው። አንድ ጋራዥ ብረት የሚያጥብ ሰው ይፈልጋል ሲሉ ሰማሁና ሄድኩ። ባለጋራዡ አቶ ኃይሌ ይባላል፤ ሴት ነሽ እንዴት አድርገሽ አለኝ። ድስት ያጠበ እጅ ብረት ማጠብ ያቅተዋል ወይ አልኩት። ሳቀና ቀጠረኝ። ሥራዬ አንድ ትልቅ ገንዳ ናፍታ ነው። መካኒኮቹ ፈትተው የጣሉትን ሁሉ እዚያ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በብሩሽ ፈትጌ፣ በጨርቅ አድርቄ ጠረጴዛ ላይ እደረድራለሁ።

ዋናው መካኒክ ጋሽ ዳንጊሶ ነው። ሲዳማ ነው፣ የቱላ ልጅ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያዳምጥህ አንድ ዓይኑን ጨፈን የሚያደርግ ሰው። መጀመሪያ ቀን አንቱ ብዬ ጠራሁት። "እጁ የጠቆረ ሰው አንቱ አይባልም፣ እጄን ስታጠብ አንቱ በይኝ" አለኝ። እጁ ደግሞ ታጥቦ ነጥቶ አያውቅም፣ በዚያው አንተ እንዳልኩት ቀረ።

አዋሳ ውስጥ ጋሽ ዳንጊሶ ሥሩ ሳይተኛበት መኪና የሚገዛ ሰው አልነበረም ብልህ አልዋሸሁም። ያኔ አዲስ መኪና ከየት ይመጣል? የሚሸጠው ሁሉ አሮጌ ነው፣ አምስት ሰው የነዳው። ገዥና ሻጭ ተያይዘው ይመጣሉ። ሻጩ ቀለሙን ያሳያል፣ ወንበሩን ያሳያል፣ ጋሽ ዳንጊሶ ዞር ብሎም አያይለት። "ቀለም ሰው ገድሎ አያውቅም" ይላል። በትንሽ መዶሻ ብረቱን ኳ ኳ እያደረገ ያዳምጣል። ዘይቱን በጣቱ ነክቶ ያሸታል። ይሄን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው ዋናው ፈተና የሚመጣው። ወደ ሻጩ ይዞርና፣ በል እንግዲህ ሚስትህንና ልጆችህን ጫንና ታቦር ተራራ ሥር ደርሰህ ተመለስ ይለዋል። ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው ያለው እንደሆነ፣ ግድ የለም እስኪወጡ እንጠብቃለን ብሎ ጎማ ላይ ይቀመጣል። አንዱ ሻጭ እንዲህ ሲባል ትንሽ አሰበና፣ ለካ ዛሬ ቀጠሮ አለኝ፣ ሌላ ቀን አመጣዋለሁ ብሎ ይዞት ወጣ። ያን መኪና ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ገዥው ጋሽ ዳንጊሶን ጉልበቱን ሊስም ምንም አልቀረው።

እኔም የራሴ ነገር ነበረኝ። መጻፍ ባልችልም መኪኖቹን በጭቃቸው አውቃቸዋለሁ። ታርጋ አላነብ፣ ታዲያ በምን ልለያቸው? ከጎማው ውስጥ የሚወጣውን ብረት ሳጥብ፣ ይሄ ከቡና አገር የመጣ ቀይ አፈር ነው፣ ይሄ የዓሣ ቅርፊት አለበት፣ ይሄ የወፍጮ ቤት ዱቄት ነው እላለሁ። ጋሽ ዳንጊሶ አንድ ቀን ፈተነኝ፤ ሦስት ብረት አቀላቅሎ አምጥቶ የማን የማን ነው አለኝ። ሦስቱንም ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ሲያመሰግን እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

የፍሬን ላስቲክ የሚባል አለ። ትንሽ ነው፣ እንደ ጠርሙስ ክዳን፣ ጥቁር። ፍሬን ስትረግጥ ዘይቱን ገፍቶ ጎማውን የሚያስይዘው እሱ ነው። ያኔ ዕቃ አይገኝም ነበርና ስንት ወር ተጠብቆ አንድ ሳጥን ላስቲክ ከአዲስ አበባ መጣ። ነጭ ዱቄት ነገር ተነስንሶበታል። እኔ ደግሞ አቧራ መስሎኝ፣ ማንም እጠቢ ሳይለኝ ከላይ ያሉትን አንስቼ ናፍታው ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። ቀኑን ሙሉ ዋሉ። ሳወጣቸው ምን ልበልህ፣ አብረቅርቀው፣ ወፈር ወፈር ብለው። በሥራዬ ኩራት ተሰማኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ጋሽ ዳንጊሶም እያነሳ ገጠማቸው። ጠበቅ ብሏል፣ አዲስ ስለሆነ ነው አለ።

ሳምንት ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ዓሣ የምትጭነው ፒክአፕ በሌላ መኪና ተጎትታ መጣች። ሐይቁ ዳር ፍሬን ሲረግጥ እግሩ ወለል ድረስ ገባበት፤ ዛፍ ባያስቆመው ውሃ ውስጥ ነበር። ሹፌሩ ግንባሩ ተላጠ እንጂ ተርፏል። ጋሽ ዳንጊሶ ፈታውና ላስቲኩን አወጣ። ውሃ የነካው ዳቦ ነው የሚመስለው፤ ሲጨምቀው ተፈረፈረ። አፍንጫው ላይ አድርጎ አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ ገንዳዬን አየ።

"አማረች፣ ላስቲኮቹን አጥበሻቸው ነበር?"

"አዎ" አልኩ ኮራ ብዬ። "እንዴት እንዳበሩ አላየህም?"

"በምን አጠብሻቸው?"

"በናፍታ ነዋ።"

ጎማ ላይ ተቀመጠ። አልጮኸም። ናፍታ ላስቲክ እንደሚበላ፣ የፍሬን ላስቲክ ከፍሬን ዘይት በቀር ምንም እንደማይነካው የዚያን ዕለት ነገረኝ። ሰው ልገድል ነበር ማለት ነው። ላስቲኩ የገባባቸው መኪኖች ስንት ነበሩ አለኝ። ላስቲኩ ሲገጠም የጎማ ብረታቸውን ያጠብኩላቸውን አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። የዓሣዋ ይቺው ናት። የታቦር ሥር አሸዋ ያለባት የአስተማሪው ናት። ዱቄት ያለባት የወፍጮ ቤቱ ናት። ሰጋቱራ ያለባት የአናጢው ናት። ጥቁር ጭቃና የበቆሎ ገለባ ያለበት የመንግሥት እርሻው መኪና ነው፣ ሠራተኛ ጭኖ የሚሄደው። ስድስተኛዋ ቀይ አፈር፤ የአቶ ኑረዲን ናት፣ ከባለቤቱ ከወይዘሮ ዘይነባ ጋር አለታ ወንዶና አዋሳ የሚነግደው። እሱን ጋሽ ዳንጊሶ ነው መኪናዋን ግዛት ያለው። መርምሮ፣ ፍሬኗን አድሶ፣ ልጆችህን ጫንባት ብሎ።

በመዝገብ የተጻፈ ነገር የለም። የነበረው የእኔ ጭቃ ብቻ ነው። ጋሽ ዳንጊሶ ስድስት ጣቱን አጥፎ ተነሳ።

አቶ ኃይሌ ሰምቶ መጣና በሩን ዘጋ። ክፉ ሰው አይደለም፣ የፈራ ሰው ነው። እንዲህ አለ፤ ኑ ግሪስ እናድርግላችሁ ብለን እንጥራቸው፣ ላስቲኩን በዝምታ እንቀይረው፣ ማንም ሳያውቅ ያልቃል። ያልታጠበ ላስቲክ ከሳጥኑ ሥር ተርፏል፣ ይበቃል። የእርሻውን መኪና አበላሸን ብለህ ብትናገር አሻጥር ነው የሚሉህ፣ አንተ ደግሞ ጴንጤ ነህ፣ እንኳን ሰበብ አግኝተውብህ እንዲሁም ዓይናቸው አንተ ላይ ነው አለው። እውነቱን ነው። ያን ጊዜ አሻጥር የተባለ ሰው በዋዛ አይመለስም።

ጋሽ ዳንጊሶ አዳምጦ ሲያበቃ፣ "ለግሪስ ና ብለው ሲመቸው ይመጣል፣ ነገም ይሁን የዛሬ ሳምንት" አለ። "ፍሬንህ አይሠራም ብለው ግን ዛሬ አይነዳም።"

አቶ ኃይሌ በሩን ከፈተለት። ጋሽ ዳንጊሶን እንግዲህ አጥፊዋ እኔ ነኝ፣ ልምጣና ልንገራቸው አልኩት። "ስጠይቅሽ ነገርሽኝ፣ የአንቺ ድርሻ አልቋል" ብሎ ብስክሌቱን አወጣ።

የሲዳማ ሰው ከባድ ወሬ ሲያመጣ በመጀመሪያ "አፊኒ?" ይላል። ሰምተሃል ወይ ማለት ነው። አፊኒ ብሎ ከጀመረ ነገሩን ከሥሩ ነው የሚያወራው፤ መሀሉን ቆርጦ ማስቀረት የለም፣ ሰሚውም መሀል አይገባም። ጋሽ ዳንጊሶ ለሲዳማውም ለሌላውም እንደዚያው አደረገ። በየደጁ ብስክሌቱን አስደግፎ ገባ፤ አፊኒ አለ፤ ከዚያም የገጠምኩልህ ላስቲክ ናፍታ ነክቶታል፣ ናፍታ አይንካው ብዬ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አልተናገርኩም፣ መኪናህን ከቆመበት አታንቀሳቅስ፣ እኔ እዚሁ መጥቼ እቀይርልሃለሁ አለ። አስተማሪው አመሰገነው። አናጢው ቁልፉን ሰጠው። ባለወፍጮው ግን ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቦ እስኪያይ ድረስ ሰደበው፤ አንተን አምኜ፣ እንዲህ ነህ እንዲያ ነህ፣ ሌባ ሁሉ አለው። ጋሽ ዳንጊሶ ኮፍያውን ይዞ ቆሞ ሰማ። ሲያበቃ፣ "ጨረስክ?" አለው። "ቁልፉን ስጠኝ።" እኔ ዕቃ ይዤ ተከትዬው ስለነበር ይሄን በዓይኔ ነው ያየሁት። ሰው እንዲህ ተሰድቦ እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከዚያ በፊት አላየሁም።

ኑረዲን ቤት ስንሄድ የለም፤ በመኪናዋ ባለቤቱንና ሁለቱን ልጆቹን ይዞ አለታ ወንዶ ወጥቷል፣ መች እንደሚመለስ አይታወቅም አሉን። ያኔ ስልክ ማን አለው። ጋሽ ዳንጊሶ ያኔ ብቻ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ያን መንገድ ታውቀዋለህ፣ ቁልቁለት ነው።

እርሻው ከከተማ ርቆ ነበርና መሸብን፤ በማግስቱ ማለዳ፣ መኪናው ሳይነሳ ሊደርስ ወደ እርሻው ሲወጣ፣ ከዚያ ላልመለስ እችላለሁ አለኝ። የቀይ አፈሯ መኪና የአንቺ ናት፣ ፈልገሽ አስቁሚያት።

እርሻው ላይ የሆነውን ሹፌሩ ነው በኋላ የነገረኝ። መኪናው ሠላሳ ሰው ጭኖ ሊነሳ ሲል ጋሽ ዳንጊሶ ደረሰ። ብስክሌቱን መኪናው ፊት አጋድሞ አስቆማቸው፣ ሠራተኞቹን አስወርዶ እዚያው አፈሩ ላይ ተኝቶ ላስቲኩን ቀየረ። ሥራ አስኪያጁ መጣና አሮጌውን ላስቲክ አየ። ማነው እንዲህ ያደረገው አለ። እኔ አለ ጋሽ ዳንጊሶ። ከሰዓት በፊት ፖሊስ ጣቢያ ገብቷል።

ምሳ ቋጥሬ ሄድኩ። በሽቦው በኩል አገኘሁት። ፊቱን አላጠቆረም፤ የሰጠሁትን ምሳ ግን አልነካም።

"መኪናዋስ?" አለኝ።

"አልመጣችም።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ምግብ አይደለም የምታመጭልኝ። መኪናዋን አምጪልኝ።"

ኑረዲን ከላይ ሲመለስ ቱላ ገበያ ሳይቆም እንደማያልፍ አውቃለሁ፤ ሽንኩርትና ድንች ከዚያ ነው የሚጭነው። እናትህን ለጎረቤት ሰጥቼ በእግሬ ቱላ ሄድኩ። መንገዱ ዳር ቆምኩ። አንድ ቀን ዋልኩ፣ አልመጣችም። በማግስቱም ሄድኩ። ገበያው ሞልቷል። እኩለ ቀን ላይ ሰማያዊ መኪና፣ እስከ መስኮቷ ቀይ አፈር ለብሳ፣ ብቅ አለች። እኔም ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሮጬ መሀል መንገድ ላይ ቆምኩና ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ፍሬኗ አይሠራም ብዬ ልነግረው የመጣሁት መኪና ፊት ለፊት። ጅልነቴን እይልኝ።

ኑረዲን ረገጠ፤ አልያዘለትም። መሪውን ጠመዘዘና ከአጠገቤ አልፎ የድንች ክምር ውስጥ ገብቶ ቆመ። ቀስ እያለ ነበር የሚመጣው፣ ተመስገን። ድንች ሻጮቹ ስድብ ያወርዱብን ጀመር። እሱም ወርዶ፣ አንቺ ሴትዮ ልትሞቺ ነው ወይስ ልታሳስሪኝ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ ትንፋሼ ተቆርጧል፣ አማርኛው ጠፍቶብኛል። ያለችኝን ቃል ተናገርኳት። አፊኒ አልኩት።

ቃሏን ያውቃታል፣ ጩኸቱን ተወ። እኔም ከሥሩ ጀምሬ አወራሁት፤ ዱቄቱን፣ ናፍታውን፣ ዓሣ የምትጭነዋን፣ ጋሽ ዳንጊሶን ጣቢያ ድረስ። ላስቲኩን ማን አጠበው አለች ዘይነባ፣ ልጆቹን በሁለት እጇ ይዛ። እኔ አልኩ። ኑረዲን ገብቶ እንደገና ረገጠው፤ እግሩ ወለሉን ነካ። ዘይነባ እጄን ያዘችኝ።

መኪናዋን በበሬ አስጎትተን አዋሳ ገባን። ከዚያ ሦስታችንም ጣቢያ ሄድን። መኮንኑ ፊት ቆሜ፣ ላስቲኩን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ እሱን ፍታውና እኔን እሰረኝ አልኩት። ልጅ አለችኝ'ኮ። መኮንኑ ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ።

"ነግሮናል። አንዲት ሴት ትመጣለች፣ እኔ ነኝ ትላችኋለች፣ ማንም ያልነገራትን ከየት ታውቃለች፣ እንዳትመዘግቧት ብሎናል።"

ከዚያ ወደ ኑረዲን ዞረ። ልጆችህን ሊያስጨርስብህ ነበር፣ ትከሰዋለህ ወይ አለው። ኑረዲን ምን እንዳለ ልንገርህ፣ አንድም ሳትቀንስ ጻፈው። "ጓድ፣ በዚህ አገር ያበላሸውን ራሱ መጥቶ የነገረኝ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ወንድሜ መኪና ሊገዛ ነው፣ የሚመረምርለት ሰው እናንተ ጋ ታስሯል። ዋስ እሆናለሁ።"

የእርሻው ሹፌርም መጥቶ መሰከረ። መኪናው አልተጎዳም፣ ሠላሳውም ሰው ደህና ነው፣ ይሄ ሰው ባይመጣ ግን አሁን የማወራው ሌላ ነበር አለ። አራት ቀን ካደረ በኋላ ፈቱት። አሻጥር የሚለውንም ቃል ከዚያ ወዲያ ያነሳው አልሰማሁም።

ቤቱ አልሄደም። ከጣቢያ ቀጥታ ጋራዥ መጣ፣ ቱታውን አጠለቀ፣ የኑረዲን መኪና ሥር ገባ። ኑረዲንና ዘይነባ ቆመው ያያሉ፣ ልጆቹ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ያ የሰደበው ባለወፍጮም ከየት ሰምቶ እንደሆነ እንጃ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ላስቲኩን ገጠመ። ፍሬን ሲሠራ ደግሞ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ እየረገጠ ዘይቱ ውስጥ የገባው አየር ይወጣል፤ ይሄን ሁልጊዜ የሚያደርጉት መካኒኮቹ ናቸው። አንዱ ሊገባ በሩን ከፈተ።

"አንተ ተወው" አለ ጋሽ ዳንጊሶ ከሥር ሆኖ። "አማረች ትግባ።"

መኪና ውስጥ በሹፌር ወንበር ተቀምጬ አላውቅም። ጫማዬን ደጅ ላይ አውልቄ ገባሁ፣ ሳቁብኝ። እርገጪ ይለኛል፣ እረግጣለሁ። ልቀቂ ይለኛል፣ እለቃለሁ። መጀመሪያ ላይ እግሬ ባዶ ውስጥ ይገባል። ደግሞ እርገጪ። ደግሞ ልቀቂ። ቀስ በቀስ እየጠነከረ መጣ፤ በመጨረሻ በሙሉ ክብደቴ ብጫነው እንደ ድንጋይ ሆኖ አልንቀሳቀስ አለኝ።

"ያዘ?" አለኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁና ቶሎ አልመለስኩም። ለቅቄ እንደገና ረገጥኩት። ሦስተኛም ረገጥኩት።

"ያዘ" አልኩ።

ከሥር ወጣ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። መኪናው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ፍሬኑን ራሱ ሊሞክር ይችል ነበር፤ አልሞከረም። ወደ ኑረዲን ዞረ።

"እሷ ያዘ ካለች ይዟል" አለው። "ልጆችህን ጫን።"